የአንጣፊዎቹ እንቁላል

ሴራሚክ አንጣፊ ቆሞ አይሠራም። ግንበኛው ይቆማል፣ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ይንጠለጠላል፣ አናጺው እንኳን ሲደክመው ጣውላው ላይ ቁጭ ይላል፤ አንጣፊው ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚድኽ ትልቅ ሰው ነው። ጉልበት ደግሞ ብረት አይደለም፤ ብረትም ቢሆን ይዝጋል። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሱሪውን ሰብሰብ ቢያደርግ የጉልበቱ ሎሚ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ነገር ጉብ ብሎ ያገኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አንጣፊዎች ግን፣ ልብ ይስጣቸውና፣ ደስ ይላቸዋል። «እንቁላል ጣለ!» ብለው ይስቃሉ፣ ሻይ ይጋብዙታል። ጉልበቱ እንቁላል ያልጣለ አንጣፊ በእነሱ ዘንድ ገና ተማሪ ነው፤ ስለ ሥራ አስተያየት ልስጥ ቢል «አንተ ደግሞ፣ መጀመሪያ እንቁላል ጣል!» ብለው አፉን ያስይዙታል። በሽታን ማዕረግ ያደረገ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የውሃ ልክን ቤት ማንኳኳት ይበቃል።

ውሃ ልክ የወጣለት ስም ነው። ወለል መዝመሙን የምትናገረዋን፣ ሆዷ ውስጥ አረፋ የሚንሳፈፍባትን መለኪያ ውሃ ልክ ይሏታል፤ እሱ ግን እሷን ከሳጥን ሳያወጣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ «እዚች ጋ ጥፍር ታህል ዘቅዝቋል» ካለ አለቀ። ሲለካ ልክ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ወሬ የማያበዛ፣ ከተናገረ ግን የሚያስቅ ሰው ነበር። ሁለቱን ሴት ልጆቹን ለባል ድሮ ከልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ጋር ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ሲወጣ የስፌት መኪናዋ ይንደቀደቃል፣ ማታ ሲገባም ይንደቀደቃል፤ «አንቺና ይኼ መኪና እኔን ሳታገቢ በፊት ተጋብታችኋል» እያለ ያሾፍባት ነበር።

የመጀመሪያውን እንቁላል የጣለ ጊዜ ጎትታ ጤና ጣቢያ የወሰደችው እሷ ናት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጉልበቱን በሁለት አውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ይኼ ከመገጣጠሚያው ውጪ ነው» አለው። «ከቆዳህና ከአጥንትህ መሃል አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች። ሁልጊዜ ስትንበረከክባት ትቆጣና ውሃ ትቋጥራለች። እግርህን ሰቀል አድርገህ አሳርፈው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝበት፣ ስትሠራም ወፍራም ስፖንጅ ከሥሩ አድርግ። በራሱ ይሟሽሻል።»

ውሃ ልክ እዚህ ድረስ ሰማ፣ ደስ አለው፣ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሰም። «ስማ እንጂ! ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ብሎህ ትኩሳት ከያዘህ፣ ማጠፍ ወይም መርገጥ ካቃተህ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ነገ እንዳትል። የዚያኑ ዕለት ና። እዚያ ውስጥ ተህዋስ ከገባ ጊዜ አይሰጥም።» ይኼን የሰማችው ሚስቱ ናት። ባል ግማሹን ሰማ፣ ሚስት ሙሉውን ሰማች፤ በየቤቱ ያለ ነው። እንቁላሉም እንደተባለው ሟሸሸ። ከዚያ በኋላ ያበጠ ጉልበት ባየ ቁጥር «ሐኪም ምንም አይደለም ብሎኛል» ይል ጀመር፤ ለራሱም፣ ለሰውም።

አሁን ደግሞ ፕሮፌሰርን እንወቀው። እሱም አንጣፊ ነው፤ ከውሃ ልክ ጋር ከአንድ ጌታ እጅ ሥራ የተማሩ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ሲገምጡ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ፕሮፌሰር የተባለው ተምሮ አይደለም፤ የሰው እንቁላል ስለሚቀዳ ነው። በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ በላስቲክ መዶሻውና በሲባጎው መሃል፣ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት መርፌ አለችው። በሻይ ሰዓት አንዱ ጉልበቱ ከብዶት ከመጣ ባልዲ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ መርፌዋን በሙቅ ውሃ ያለቀልቃታል፣ ሙቅ ውሃ ሲባል ለሻይ ከመጣው የተረፈው ማለት ነው፣ ከዚያ እንቁላሉን ጠቅ አድርጎ ቢጫውን ውሃ ይስበዋል። በጨርቅ ጠፍሮ ያስረውና «በል ተነስ፣ ወለሉ ይጠብቅሃል» ይለዋል። ሁሉም ይምልበታል። ክፋት የለበትም፣ ሰው ለመርዳት ብሎ ነው። ግን ደግነት መርፌ አይቀቅልም።

እነሆ አንድ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ለማንጠፍ ሁለቱም ተጠሩ። ሰፊ ነው አዳራሹ፤ ከበሩ ሆነህ ብትጮኽ ከወዲያኛው ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል። ፕሮፌሰር ደረጃውንና መታጠቢያ ቤቶቹን ያዘ፣ አዳራሹን ውሃ ልክ ያዘ። በአንጣፊዎች ዘንድ የጀመሩትን ወለል ለሌላ እጅ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው፤ ጌታቸው «ሁለት እጅ ያረፈበት ወለል ያሳብቃል» እያሉ ነበር ያሳደጓቸው። አንጣፊ ቢታመም ወለሉ ይጠብቀዋል እንጂ ሌላ ሰው አይገባበትም። ስለዚህም መታመም አይወዱም።

ውሃ ልክ አዳራሹን ሲያጋምስ እንቁላሉ ተመልሶ መጣ። በዚያው ሰሞን የሴራሚክ ስባሪ ሱሪውን በስቶ ጉልበቱን ጫር አድርጎት ነበር፤ ደሙን በምራቁ ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። በሻይ ሰዓት ባልዲው ላይ ተቀመጠ፣ ፕሮፌሰርም ቀዳለት።

«አይ ጉልበት! የአንተስ በዓመት ሁለቴ የሚጥል ሆነ» አለ ፕሮፌሰር ጨርቁን እያሰረ።

«ጥሬ እየበላኸው ነው መሰለኝ፣ ወዝህ አምሯል» አለው ውሃ ልክ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ እንቁላሉ አልጎደለም፤ ጭራሽ ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ደግሞ ቆዳው ተወጥሮ እንደ ቲማቲም ቀላ። ማታ ቤቱ ገብቶ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ መንገጫገጭ ሲጀምር ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሳትጠይቀው ብርድ ልብሱን ገለጠችና መዳፏን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ወዲያው አነሳችው።

«ኧረ በስመአብ! ይኼ እኮ እሳት ነው!»

«እንቁላል ነው።»

«እንቁላል አይግልም! አጥፈው እስቲ።»

ሊያጥፈው ሞከረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እግሩ ግን ወይ ፍንክች።

«ሽማግሌው ሐኪም ምን ነበር ያሉህ? ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ካለው የዚያኑ ዕለት ና አላሉም? እኔ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተነስ እንሂድ።»

«ምንም አይደለም ነው ያለኝ። ደግሞ ወለሉ ጥቂት ነው የቀረው። እሱን ልጨርስና አንቺ ያልሽው ቦታ እሄዳለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው እኮ!»

«ነገ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጠዋት ከጓሮ የጣውላ ቁራጭ አንስቶ ተመረኮዘና ሄደ። በሩ ላይ ቆማ እግሩን ሲጎትት አየችው። ከኋላው ሮጣ እጁን ያዘችው፤ ቀስ አድርጎ አስለቀቃት።

አዳራሹ ውስጥ በደህናው ጉልበቱ ተንበርክኮ ሌላውን እንደ ግንድ ወደ ጎን ዘርግቶ ሠራ። የሥራው ኃላፊ፣ ፎርማኑ፣ አይቶት «ወንድሜ፣ ቤትህ ሂድ፣ ወለሉ የትም አይሄድም» አለው። «ማጣበቂያው ተቦክቷል» አለ ውሃ ልክ፣ ቀና ሳይል። በሻይ ሰዓት ፕሮፌሰር መርፌዋን ይዞ መጣ። ጠቅ አድርጎ ሲስበው ይህን ጊዜ የወጣው ቢጫ ውሃ አልነበረም። ወፍራም ነው፣ ደፍራሽ ነው፣ ይሸታል። ፕሮፌሰር ያንን አየ። ከዚያ ጓደኛውን ማስደንገጥ አልፈለገም መሰለኝ፣ ወይም ራሱ መደንገጥ አልፈለገም፣ «ቆሻሻው ወጣ፤ ከእንግዲህ ያልፍልሃል» አለው። መርፌዋን አለቅልቆ በጨርቋ ጠቀለላት።

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ሊያየው ሲመጣ ውሃ ልክ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ፎርማኑ ግን ያየው ሰውየውን ሳይሆን ወለሉን ነው፤ መጨረሻ የተነጠፉት ረድፎች እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመዋል። አንዱ ሴራሚክ ከአንዱ በላይ ጉብ፣ አንዱ ከአንዱ በታች ስርጉድ ብሏል።

«ወንድሜ» አለ ፎርማኑ በዝግታ፣ «ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ?»

ውሃ ልክ ዞሮ አየ። ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። «ምኑን?» አለ። «ልክ ነው እኮ።»

ፎርማኑ ሠራተኞቹን ጠራ። በጣውላ ማመላለሻ ጋሪ ላይ አስተኝተው አወጡት፤ ሚስቱን በስልክ ጠርተው በመኪና ሆስፒታል ወሰዱት።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሁለት ያበጡ ጉልበቶች ቀድመውት ተቀምጠዋል። አንደኛው ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጠመዘዘበት፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰምቶ ወዲያው እንደ ፊኛ ያበጠበት ጎረምሳ ነው። ሁለተኛዋ ጉልበታቸው በዕድሜ ያለቀ፣ ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ብሎ የሚያሠቃያቸው እናት ናቸው። ነርሷ የጎረምሳውን በበረዶ ይዛ፣ የእሳቸውን ዳብሳ፣ ውሃ ልክ ጋ ስትደርስ መዳፏን አሳርፋ ትኩሳቱን ለካችና የተኛበትን አልጋ ራሷ ገፍታ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ቀድመን ነው የመጣነው» አሉ እናቲቱ።

«እማማ፣ የእርስዎ ጉልበት ይጠብቃል። የሳቸው አይጠብቅም።»

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ቆዳውን አጽድታ፣ ንጹህ መርፌ ከማሸጊያው አውጥታ ከመገጣጠሚያው ውስጥ ሳበች። የወጣው መግል ነው። መርፌውን ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና ወደ ሚስቱ ዞረች።

«ከጋለ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?»

«ዛሬ ነው» አለ ውሃ ልክ።

«ይዋሻል፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ። «ትናንት ማታም እሳት ነበር። በዚያ ላይ በመርፌ ያስቀዱታል፤ ሥራ ቦታ፣ አንድ መርፌ ለሁሉም።»

ሐኪሟ ጭንቅላቷን ያዘች። «ጉልበት ያበጠ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አባቴ» አለች። «ውጪ ያየኋቸው እናት የዕድሜ ነው፣ የልጁ ጅማት ነው፣ አንዳንዱ ሪህ ነው። የእርስዎም መጀመሪያ የመንበርከክ ነበር፤ ቢያርፉ ይድን ነበር። መርፌዋ ናት ተህዋሱን ያስገባችው፤ ወይ የተጫረው ቆዳ። ከከረጢቷ አልፎ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል። እዚያ ሲገባ የአጥንቱን ሽፋን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ብርድ ብርድ ባለዎት ማታ ቢመጡ ኖሮ ምናልባት አጥበን፣ መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተን፣ በእግርዎ እንሸኝዎ ነበር።»

ውሃ ልክ ኮርኒሱን ያያል። ሚስቱ እሱን ታያለች። እኔ ብዬህ ነበር ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። አንዳንዴ እውነት መናገር ራሱ ጭካኔ ይሆናል።

ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተው ከፍተው አጠቡት። ትኩሳቱ ጥቂት ጋብ ብሎ ተመልሶ ተነሳ። ደግመው አጠቡት። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ አነሰ፣ ነገር ይምታታበት ጀመር፣ ሚስቱን «ሲባጎውን ወጥሪልኝ» ይላት ገባ። መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ነቃ ሲልለት ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሐኪም ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው።

«አባቴ፣ እግሩን ካላነሳነው ሕይወትዎን አናተርፍም። ከጉልበት በላይ።»

«አይሆንም።»

«ያስቡበት። ግን ብዙ ጊዜ የለንም።»

«ምኑን አስባለሁ? አንጣፊ ነኝ እኮ፣ ዶክተር! በአንድ ጉልበት የሚያነጥፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዲያውም ልሙት። ሙሉ ሰው ሆኜ ልቀበር።»

ሐኪሟ ወጣች። ሚስቱ ተነስታ አልጋው ራስጌ ቆመች። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትሰፋ የኖረች፣ ድምፅዋ ከመኪናዋ በላይ የማይሰማ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ ሰማት።

«እኔ ያገባሁት አንጣፊ አይደለም! እኔ ያገባሁት ወለል አይደለም! አንተን ነው። ለወለሉ ስንት ነገር ሰጠህ፤ ለእኔስ? ይኼ እግር ከወለሉ ጋር ሄዷል፣ ሞቷል፣ ተወው። የቀረህን ለእኔ ስጠኝ። ግማሽህንም ቢሆን ስጠኝ።»

ውሃ ልክ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ «ጥሪያት» አለ።

እንዲህ ሆኖ ቀኝ እግሩ ሄደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ትኩሳቱም ለቀቀው። ግን የሌለው እግሩ ያመው ነበር። የሌለውን ጣቱን ይበላው ነበር፤ እጁን ሰድዶ ሊያክ ሲል ባዶ አንሶላ ያገኛል። ያን ጊዜ የሚያወርደውን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የሚሰድበው ፕሮፌሰርን ነው። ሌሎቹ አንጣፊዎች እየመጡ ጠየቁት፤ ፕሮፌሰር ግን ድምፁ ጠፋ። «ይምጣ ብቻ» ይላል ውሃ ልክ ጥርሱን ነክሶ። «መርፌውን በምኑ እንደምሰካለት እኔ አውቃለሁ።» የሚለውን ቃል ሁሉ ተኝቶ ያጠናው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰር ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በር ላይ ብቅ አለ። ባዶውን የአንሶላ ቦታ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አልጋው ድረስ መጥቶ ቆመ። ውሃ ልክ ያጠናውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት አንድ ነገር አየ። ሰውየው ሲመጣ እግሩን እየጎተተ ነበር። አሁንም ክብደቱን ግራው ላይ አሳርፎ ቆሟል፣ ክፍሉ ሳይሞቅ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል።

«እግርህ ምን ሆነ?»

«ተወው። ምንም አይደለም። እንቁላል ነው።»

ውሃ ልክ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ቀዳኸው?»

ፕሮፌሰር ወለሉን አየ።

«በምን ቀዳኸው? በዚያችው?»

«አለቅልቄያታለሁ እኮ።»

«ሱሪህን ሰብስብ።»

«ኧረ ተው፣ እኔ አንተን ልጠይቅ መጥቼ…»

«ሱሪህን ሰብስብ አልኩህ!»

ሰበሰበ። ጉልበቱ ቀልቷል፣ ተወጥሯል፣ ያብረቀርቃል። ሚስትየው መዳፏን አሳረፈችበትና ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ብርድ ብርድ ይልሃል?»

«ትናንት ማታ ጥቂት… ነገ ደረጃውን ልጨርስና እታያለሁ። ትንሽ ናት የቀረችው።»

ያን ጊዜ ውሃ ልክ አንሶላውን ይዞ ገፈፈው። በፋሻ የተጠቀለለው ጉማጅ ወጣ።

«እየው!» ብሎ ጮኸ። ታማሚው፣ አስታማሚው፣ ሁሉ ዞረ። «እየው፣ ፊትህን አታዙር! እኔም ነገ ብያለሁ! እኔም ትንሽ ናት የቀረችው ብያለሁ! ደረጃህን ሌላ ሰው ያንጥፈው፣ ዝንጀሮ ያንጥፈው፣ ይፍረስ! ከዚህ ክፍል ወጥተህ ወደ ቤትህ ብትዞር በዚህ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው የምከተልህ!» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያዢው። ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። እምቢ ካለ ጩኺ።»

ፕሮፌሰር እንደ ሕፃን እያለቀሰ በሚስትየው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ብርቱካኑ አልጋው ላይ ቀረ። ውሃ ልክ ያጠናው ስድብ ሁሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

የፕሮፌሰር ገና ከረጢቷ ውስጥ ነበር፤ መገጣጠሚያው ጋ አልደረሰም። ከፍተው አጸዱለት፣ በደም ሥር መድኃኒት ሰጡት፣ ከታች ያለው ክፍል አስተኙት። ሲሻለው ወደ ላይ ወጥቶ መጣ። ያለ ምርኩዝ ነው የመጣው። ጎንበስ ብሎ የጓደኛውን እጅ ሳመና «እግሬን አንተ ነህ የሰጠኸኝ» አለው። «መርፌዋን ሰብሬ ጥያታለሁ። ይቅር በለኝ።»

«እንኳን ተረፈልህ» አለው ውሃ ልክ። ከልቡ ነው ያለው። ሳቀለትም። «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ፕሮፌሰር ወጣ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ የሁለት እግሩ ኮቴ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ውሃ ልክ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ደስ ብሎታል፤ ጓደኛው በመዳኑ እውነት ደስ ብሎታል። ግን ደግሞ «ለምን እኔ?» የሚለው ነገር አንጀቱን ያቃጥለው ነበር፤ ሰው ነዋ። ሚስቱ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። አላባበለችውም፣ አይዞህም አላለችውም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሩ ይሆን በነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው።